ከቀትር እስከ ጀምበር መጥለቂያ ባሕር ውስጥ

«የወደብ ዘብ» የተባለውን ተከታታይ ፊልም የሚወድ ሰው ሁሉ ያንን ስህተት ያውቀዋል። መርማሪዋ ሮውና ሌባ ስታሳድድ መኪናዋ ወደቡ ላይ ካለው የእንጨት መድረክ ጫፍ ተወንጭፋ ባሕር ትገባለች። ፀሐይ አናት ላይ ናት፤ የመኪናዋ ጥላ ከሆዷ ሥር አልወጣም። ወዲያው፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ እንኳ ሳይቆይ፣ ሮውና በመስኮት ሾልካ ውሃውን ሰንጥቃ ብቅ ስትል ሰማዩ ቀልቷል፤ ጀምበር ልትጠልቅ ነው። «ይቺ ሴት ከቀትር እስከ ማታ ባሕር ሥር ምን ትሠራ ነበር? ምሳ በልታ ነው የወጣችው?» እየተባለ ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ነው ሲሳቅ።

ይሳቅ፣ ግድ የለኝም። እኔን የሚያበግነኝ ሌላ ነው። እነዚህ የፊልሙ ወዳጆች በየዓመቱ አንድ ሆቴል አዳራሽ ይሰበሰቡና የማይጠይቁት የለም። መኪናዋ አየር ላይ ስትወጣ አፍንጫዋ ለምን አልተደፋም? (ፖርታ ባጋሏ ውስጥ ሲሚንቶ ስለነበረ ነው።) በመስኮት የተወረወረው ሰውዬ መስታወቱ ለምን አልቆረጠውም? (ስኳር ነው፤ ልጆቻችን ስባሪውን ይልሱት ነበር።) ሁለተኛው ክፍል ላይ የወለቀው የጎማ ክዳን አምስተኛው ክፍል ላይ እንዴት ደግሞ ወለቀ? (ያው ፊልም ነው፣ ደግመው የለጠፉት።) ስለ ብረቱ ሁሉንም ይጠይቃሉ። ብረቱ ውስጥ ማን እንደነበረ ግን አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። ፊልሙ የሚነሣበት የሳን ፔድሮ ወደብ ውሃ በዚያን ጊዜ ጥሩ አልነበረም፤ ናፍጣ ናፍጣ ይል ነበር። ነገሩን ግን ከሥሩ ልነግራችሁ እችላለሁ። የፊልሙ መካኒክ ሆኜ ያቺን መኪና ለውሃ ያዘጋጀኋት እኔ ነኝ።

ከውሃው የወጣችው ሴት ቨርዴል ታንስሊ ትባላለች። እኛ ጥቁሮች በምንበዛባት ኮምፕተን ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ትነዳ ነበር። አባቷ በጭነት መኪና በረዶ ያከፋፍል የነበረ ሰው ነው፤ መሪ መያዝ ያስተማራት ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ እንደ ድንጋይ የከበደ በረዶ ከኋላ ተጭኖ፣ «ፍሬን ስትይዢ በረዶው እንዳይሰማ አድርገሽ ያዢ» እያለ ነው። ድንገት ፍሬን የያዘ ሰው በረዶው ጀርባው ላይ ይመጣበታላ። ቨርዴል አጭር ናት። አውቶቡሱን የምትነዳው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ አገጯን መሪው ላይ ልታሳርፍ ምንም ሳይቀራት ነበር። ያም ሆኖ ያን ሁሉ የሰፈር ቅጥ ያጣ ልጅ በመስታወት አንዴ አይታ ጸጥ ታሰኘዋለች።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እሷና እኔ ከሌሎች የሰፈር ሰዎች ጋር አንድ መናፈሻ ውስጥ እንገናኝ ነበር። መውደቅ ለመማር። ለተዋናይ ተተክቶ የሚወድቀውን፣ የሚቃጠለውን፣ የሚገለበጠውን ሰው «ተተኪ» እንለዋለን። ይህ ሙያ በዚያ የፊልም ከተማ ከአባት ለልጅ፣ ከአጎት ለወንድም ልጅ የሚተላለፍ ነው፤ እኛን ደግሞ ከእነሱ ማንም አልወለደንም። ስለዚህ ሆቴሎች የጣሉትን ፍራሽ ለቃቅመን፣ ከልብስ መቀየሪያው ቤት ጣሪያ ላይ እየዘለልን ተማርን። አንዱ ቁርጭምጭሚቱን ይሰብራል፤ ሌላው የተጠበሰ ዓሣውን እየበላ «እንደሱ አይደለም የሚወደቀው» ይላል። እኔ ከአሮጌ መኪና የነቀልኩትን ወንበር ብረት ላይ በየድኩት፤ የሕዝብ መዋኛው ውሃ ሊለወጥ ሲል ጥበቃው ያስገባንና ቨርዴልን ወንበሩ ላይ በቀበቶ አስረን እንጥላት ነበር። እስክትፈታ ድረስ ዳር ቆመን እንጠብቃለን። ስትወጣ መጀመሪያ የምትለው «ይሄ ውሃ ሽንት ሽንት ይላል» ነበር።

ያን ጊዜ የነበረውን ልማድ አሁን ስነግራቸው የማያምኑ አሉ። ጥቁር ተዋናይ መውደቅ ሲኖርበት ነጭ ተተኪ ፊቱን ቀለም ይቀባ ነበር። ሴት ስትወድቅ ወንድ ዊግ ያጠልቅ ነበር። ጥቁር ሴት ስትወድቅስ? ሁለቱንም። በሹክሹክታ አልነበረም የሚያደርጉት። ጠዋት፣ በጠራራ ብርሃን፣ ዶናት እየገመጡ ነው። «ሰዎቹ ክፉዎች ነበሩ እንዴ?» ይሉኛል። ይህ ጥያቄ ያናድደኛል። ክፉ ቢሆኑማ ይሻል ነበር፤ ክፉ ሰው አንዳንዴ ያፍራል። እነዚህ ግን ሥራቸውን ነበር የሚሠሩት።

ሮውናን ሆና የምትጫወተው ዴልፊን ኦክሪጅ ትባል ነበር። አንድ ጠዋት የራሷን ቢጫ ጃኬት የለበሰ፣ የራሷን ጸጉር የመሰለ ዊግ ያጠለቀ ባለ ጢም ሰው ከሜካፕ ክፍል ሲወጣ አየችና «ከእኔ ዓይነት ሰው አንድ እንኳ ካላያችሁልኝ ከነገ ጀምሮ አልመጣም» አለቻቸው። የቬትናም ጦርነት ያበቃበት ዓመት ነው። የፊልም ድርጅቱ ቢሮ መቅረቷን ፈራ። መናፈሻችንን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበርና ቨርዴል ተጠራች። የተጠራችው ግን ለመንዳት አልነበረም፤ ቢጫ ጃኬት ለብሳ ወንበር ላይ እንድትቀመጥ ነው። ዴልፊን እንድታያት።

ቨርዴል ይህን ታውቅ ነበር። በዋዜማው «ክሌም፣ እንድቀመጥ ነው የጠሩኝ» አለችኝ። «ምን ልታደርጊ ነው?» አልኳት። «እቀመጣለኋ። ከቅርብ የተቀመጠ ነው የሚነሣው።» አንድ መንዳት ፈልጋ ነበር። አንዴ ብቻ፣ ካሜራ እያያት፣ በሚገባ። ከዚያ በኋላ አትችልም የሚላት አይኖርም ብላ ነበር የምታስበው።

ደስቲ ሬይበርን የሚባለው ተተኪ ሜካፕ ወንበር ላይ ሆኖ እጁ እየተቀባ ነበር ስትገባ። ረዥም፣ እግሩ ከወንበሩ የሚተርፍ፣ ደግ ሰው ነው።

«እህት፣ እጅ እጨብጥሽ ነበር» አላት፣ «ገና አልደረቅኩም።»

«አትቸኩል» አለችው። «እኔ ስወለድ የደረቅኩ ነኝ።»

ሜካፕ ሠሪዋ ብሩሿን ይዛ ቀረች። ደስቲ ግን ሳቀ። «አባቴም ይቀባ ነበር። ቀይ። ዕድሜውን ሙሉ ቀይ ሕንድ ሆኖ ከፈረስ ሲወድቅ ኖረ።»

«እውነተኞቹን የሚጠራ ጠፍቶ?»

«የት ይገኛሉ ብለሽ?»

«አገራቸው ነው እኮ ደስቲ። የትም ልትፈልጋቸው ትችላለህ።»

ቀትር ላይ ደስቲ ነዳ። አይካድም፣ አሳመረው። መኪናዋ ከመድረኩ ጫፍ እንደ ተወረወረ ሰሐን ቀጥ ብላ ወጣች፣ ቀጥ ብላ ውሃውን መታች፣ ሰጠመች። ጠላቂዎቹ ዙሪያዋን ነበሩ። ሁላችንም እንደ ልማዳችን ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን፤ እሱ ሳይተነፍስ የሚተነፍስ ሰው የለም። ከዚያ ብቅ አለ።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ገንዘብና ብልሃት የያዙ ሰዎች፣ ፍንዳታን በሜትር የሚለኩ ሰዎች፣ አንድ ነገር ረስተው ነበር። ቀለም በውሃ ይለቃል። ግንባሩ ነጭ፣ ጉንጩ ቡናማ፣ አገጩ ላይ ሁለቱም እየተጎተቱ ይወርዳሉ፤ ዊጉ ጆሮው ላይ ተንጠልጥሏል። ካሜራው ይህን ሁሉ ከቅርብ ወስዶታል።

«የሜዳ አህያ አጠመድን» አለ ከመብራት ሠራተኞቹ አንዱ፤ መድረኩ በሳቅ ተንጫጫ። ደስቲም ገና ሳይገባው አብሮ ሳቀ።

ዴልፊን አልሳቀችም። ወደ ዳይሬክተሩ ዞራ «እኔ ነኝ ይሄ?» አለችው። «እስቲ እየው፣ እኔ ነኝ?» መልስ አልጠበቀችም። ማረፊያዋ የሆነው ተጎታች ክፍል ገብታ በሩን ከውስጥ ቆለፈችው።

ዳይሬክተሩ ፔኒማን ይባላል፤ ወጣት ነው፣ እርሳስ የሚያኝክ። ለእሱ ነገሩ ቀላል ነበር። ዝላዩ ከሩቅ ስለተነሣ የማንም ፊት አይታይም፤ እሱ ይቆያል። የሚደገመው መውጣቱ ብቻ ነው። ትርፍ መኪናዋን በክሬን ውሃው አፍ ላይ ማንጠልጠል፣ መልቀቅ፣ ስትሰጥም ሰውየው በመስኮት መውጣት። «ደስቲን ቅባት የበዛበት ቀለም ቀቡት» አለ። «ውሃ የማያስለቅቀውን።»

ዴልፊን ከበሩ ውስጥ ሆና ሰምታለች። «ወይ ቨርዴል፣ ወይ ማንም» የሚል ድምፅ መጣ።

የተተኪዎቹ አለቃ ሆሊስ ብራንቮልድ በሩ ፊት ቆመ። ሽማግሌ ነው፤ አንድ ትከሻው ከሌላው ዝቅ ያለ፣ ያልተሰበረ አጥንት የሌለው። «የእኔ እመቤት፣ ልጅቷ የአውቶቡስ ሾፌር ናት» አላት።

«መኪና የሚነዳ አይደል የፈለጋችሁት?»

«ውሃ ውስጥ ገብታ አታውቅም።»

ይሄኔ እኔ አላስቻለኝም። «ገብታለች። የሠራሁት ወንበር ላይ አስሬ የጣልኳት እኔ ነኝ» አልኩ። ሆሊስ ዞሮ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «የት?» «መዋኛ ውስጥ።» «ማን ፈቀደላችሁ?» «ማንም።» ከዚህ በኋላ የተጨቃጨቁትን ሁሉ ብጽፈው ቀኑ ያልቃል፤ ያን ቀንም ያለቀው እንደዚያ ነው። ከቢሮ ስልክ ይደወላል፣ ወደ ቢሮ ስልክ ይደወላል። ጥላዎቹ ረዘሙ። ቨርዴል ሳንድዊቿን በልታ ወረቀቱን አጥፋ ኪሷ ከተተችው፤ ከወንበሯ አልተነሣችም።

በመጨረሻ ሆሊስ ራሱ ፊቷ መጥቶ ቆመ። ቁልቁል አይቷት «ትፈልጊያለሽ?» አላት።

በእነዚህ ሰዎች መካከል ይህ ቃል ተራ ቃል አይደለም። አለቃው አንዴ ብቻ ይጠይቃል። አልፈልግም ካልክ ለምን የሚልህ የለም፣ ነገም አይነሣብህም። እፈልጋለሁ ካልክ ደግሞ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መኪናዋ የአንተ ናት። ዝግጁ ነኝ ብለህ እጅህን እስክታነሣ ድረስ ዳይሬክተርም ይሁን የዳይሬክተር አምላክ «ቶሎ በል» ሊልህ አይችልም። ይህን ሕግ ያፈረሰ ዳይሬክተር ሲኖር ሁሉም ተተኪ ዕቃውን ሰብስቦ ሲሄድ አይቻለሁ።

«እፈልጋለሁ» አለችው።

መኪናዋ ውስጥ ስትገባ እግሯ ፍሬኑ ጋ አልደረሰም። ወንበሩ ለደስቲ እግር ወደ ኋላ ተስቦ በቡሎን ታስሯል። የቀበቶው ቀዳዳ ለእሱ ደረት ነው፤ እሷ ላይ ሲታሰር ክንድ ያስገባል። ትንሿ የአየር ጠርሙስ በእሱ ክንድ ልክ ራቅ ብላ ተጣብቃለች። ቨርዴል እጇን ዘረጋች፤ ጣቷ አየር ነካ።

«ወንበሩ ይምጣ» አለች። «ቀበቶው ሌላ ቀዳዳ ይበሳ። ጠርሙሱ እዚህ ይሁን።»

ፔኒማን ሰማዩን አየ። «ብርሃኑ እየሄደ ነው። ከኋላዋ ትራስ አድርጉላት።»

ትራሱ ወዲያው መጣ። ይህ የፊልም ሰው ስህተት ነው፤ ሌላ ማንም አይሳሳተውም። አጭር ተዋናይ መኪና ውስጥ ሲቀመጥ ሁልጊዜ ትራስ ይደረግለታል፤ ካሜራው እስካላየ ድረስ ትራስ የማይፈታው ችግር የለም። ልማድ ነው፣ እጃቸው ሳያስብ ነው የሚያቀብለው። ቨርዴል ትራሱን ተቀብላ ጨመቅ ጨመቅ አደረገችው።

«ይሄ ይንሳፈፋል» አለች። «እኔ ግን ታስሬያለሁ። እሱ ከኋላዬ ሾልኮ ሲሄድ ቀበቶው ይላላል፣ እኔ ጣሪያው ላይ እለጠፋለሁ። ይዋኝ ከሆነ ብቻውን ይዋኝ።» በመስኮት አውጥታ ባሕሩ ላይ ጣለችው። እውነትም ተንሳፈፈ።

«አንድ ደቂቃ ነው የምትቆዪው እኮ» አለ ፔኒማን። «በጣም ፈርታለች፣ ግልጽ ነው። ሆሊስ፣ አውርዳትና ደስቲን አምጣልኝ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል ጌታው» አለችው። «እኔ እዚያ ሥር ምን እለቅማለሁ? ጥርሴን?» ከዚያ እሱን ትታ ወደ ሽማግሌው ዞረች። ድምፅዋን አላነሣችም። «ሆሊስ፣ ጠይቀውኝ እሺ ብያለሁ። መኪናዋ የማን ናት?»

መድረኩ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ወደ ሆሊስ ዞረ። ጥያቄው ስለ መኪና እንዳልሆነ ለሁሉም ገብቶታል። ያ ሕግ ለሁሉም ተተኪ ነው ወይስ ለልጆቻቸውና ለወንድሞቻቸው ልጆች ብቻ? ሆሊስ ዝቅ ያለውን ትከሻውን አሸት አሸት አደረገ። እኔ በዚያች ሰዓት ሰውየውን ልመታው ምንም አልቀረኝም፤ እንዲህ ያለ ነገር ማሰብ ይጠይቃል እንዴ?

«የእሷ ናት» አለ። «ክሌም፣ መፍቻህን ይዘህ ግባ።»

ቡሎኖቹ ዝገው ነበር። አንዱን ስታገል ከጎኔ ሌላ መፍቻ መጣ፤ ቀና ብዬ ሳይ ደስቲ ነው፣ ፊቱ ገና አልታጠበም፣ ቡናማና ነጭ እንደሆነ። «ያዝልኝ» አለ። ወለሉን እንደገና በሳን፣ ወንበሩን አመጣን፣ ጠርሙሷን አዛወርን። ቨርዴል ቀበቶዋን ራሷ አሠረች፣ ራሷ ፈታች፣ ዓይኗን ጨፍና ደግማ አሠረች፣ ደግማ ፈታች። ፔኒማን እርሳሱን ለሁለት ሰበረው። ስትጨርስ ፀሐይ መርከቦቹ ላይ ተቀምጣለች።

እጇን አነሣች።

ክሬኑ ለቀቀ። መኪናዋ አፍንጫዋን ደፍታ ገባች፤ ውሃው በመስኮቶቹ ተግተልትሎ ሲገባ ጮኸ። አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ መዋኛው ውስጥ የተማርነው ነው። ውሃ ሲገባ ቀበቶውን ለመፍታት መቸኮል ይገድላል፤ ጎርፉ አንሥቶ መስታወት ላይ ይመታሃል። መኪናዋ እስክትረጋ ድረስ ታስረህ ትጠብቃለህ፣ ጨለማ ውስጥ፣ ቁጭ ብለህ። ሰውነትህ ሁሉ ውጣ ውጣ ሲልህ። ቨርዴል ጠበቀች። ላይ ሆነን እኛም ጠበቅን። ሆሊስ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ አየሁት፤ ጸሎት ይሁን ስድብ አላውቅም።

ያን ብርሃን ያያችሁት ፊልሙ ላይ ነው። ውሃው መዳብ መስሎ ሲከፈት፣ እጅ ሲወጣ፣ ከዚያ ፊት። ያልተቀባ። ውሃ የማያስለቅቀው ፊት። ቢጫው ጃኬት እሳት መስሏል። ፔኒማን «ቁረጡ» ማለት ረሳ። የተጎታቹ በር ተከፈተ፤ ዴልፊን ደረጃው ላይ ቆማ ታያለች።

«ወደድሽው?» አላት ሆሊስ እጇን ይዞ ሲያወጣት።

ተፋች። «ናፍጣ ናፍጣ ይላል።»

ያው፣ ቀትርን ከማምሻ ጋር ሰፍተው ለቀቁት። ስህተት አይደለም፤ ያቺ ሴት ታስራ መውጣት የምትችልበት ወንበር ለማግኘት የፈጀችው ጊዜ ነው። ማታ ማታ ሶፋ ላይ ተቀምጠው የሚስቁት በዚያ ነው።

ቨርዴል ስልኩን ጠበቀች። አውቶቡሱን እየነዳች፣ ማታ ሌላ ሰው ስልኩን እንዳይዝባት ቤተሰቡን እየተቆጣች ጠበቀች። አልተደወለም። ወሬው ቶሎ ደረሰን፤ ፔኒማን «ቀርፋፋ ናት፣ አስቸጋሪ ናት» ብሏል። በተተኪዎች ዘንድ ይህን የተባለ ሰው ደህና ሰንብት ተብሏል ማለት ነው። ደስቲ አሥር ጊዜ ወንበሩን ቢያስፈታ ጠንቃቃ ይባል ነበር። እሷ አንዴ አስፈታች፣ ቀርፋፋ ሆነች። እሺ፣ እዚህ ላይ ብዕሬን ባልሰብር ነው የሚገርመኝ።

ዝናቡ አልፎ ሣሩ ሲበቅል አንድ እሑድ ሆሊስ መናፈሻው መጣ። ከዚያ በፊት ከእነሱ ወገን እዚያ የረገጠ የለም። ፍራሾቹ ጋ ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ። ሁሉም ቨርዴልን አየ። እሷም ተነሣች፤ እጇን ሱሪዋ ላይ ስትጠርግ አየኋት፣ ፊቷ ላይ የነበረውን መግለጽ አልፈልግም።

«ለሚቀጥለው ዓመት የምትነዳ ሴት እፈልጋለሁ» አለ። ከዚያ እንደምንም አድርጎ ጨረሰው። «አንቺን አይደለም። ፔኒማን ስምሽን መስማት አይፈልግም። ከእናንተ መካከል ሌላ።»

መናፈሻው ውስጥ ኳስ የሚጫወቱት እንኳ የቆሙ መሰለኝ።

«ቀለሙስ?» አለች ቨርዴል።

«ዴልፊን ውሏ ውስጥ አስገብታዋለች። ከእናንተ ሰው ካገኘን ቀርቷል። ካላገኘን…» ትከሻውን ሰበቀ።

ቨርዴል እጇን እንደገና ሱሪዋ ላይ ጠረገች። ከዚያ ወደ ኋላ ሳትዞር «ኒዮማ፣ ነይ እስቲ» ብላ ጠራች። ኒዮማ ፖስታ ቤት የምትሠራ፣ ከእኛ ጋር አንድ ክረምት የወደቀች ሴት ናት፤ መጥታ ከጎኗ ቆመች።

ሆሊስ አያት። «ከአንቺ ትፈጥናለች?»

«ይቺ? ይቺማ ጫማዋን ስታስር እሑድ ያልቃል። እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

ሽማግሌው ባርኔጣውን እያሽከረከረ ትንሽ ቆመ። «ሐሙስ ጠዋት ወደቡ ላይ» ብሎ ለኒዮማ ነገራትና ሄደ።

እኔ ተቃጠልኩ። «ምን ሆነሽ ነው የሰጠሽው?» አልኳት። «ስምሽን መስማት ለማይፈልግ ሰው? አባርረሽ አትልኪውም ነበር?»

«ደስቲን መልሰው ይቀቡት?»

«እሱ አይደለም እኮ የምለው…»

«ክሌም፣ ወንድሜ» አለችኝ ፍራሹን በአንድ ጫፍ እያነሣች፤ «አንተ ተናደድልኝ። ትችልበታለህ፣ ጊዜም አለህ። አሁን ግን ያንን ወንበር መኪናህ ላይ ጫን፣ የመዋኛውንም ጥበቃ ለምነው። እኔ እስከ ሐሙስ ይቺን ልጅ መስመጥ ላስተምራት።»